ለድንኳኑ የሚሆን አፍንጫ

በአንድ ወቅት፣ እድሮች ከድንኳንና ከአግዳሚ ወንበር አልፈው የፎቶ ማቆሚያ መግዛት በጀመሩበት ዘመን፣ ወይዘሮ አስካለማርያም የሚባሉ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበሩ። የሟች ፎቶ የመስኮት ያህል ተደርጎ ይታጠባል፤ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ሆኖ በድንኳኑ በር ሦስት ቀን ይቆማል፤ ወደ ቀብር ሲኬድም ከሬሳው ፊት ፊት ይሄዳል። መልካም ሥልጣኔ ነው፤ የተቃወመውም የለም። ብቻ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሞትን መፍራት ትቶ ፎቶውን መፍራት ጀመረ።

ወይዘሮ አስካለማርያም የሚፈሩት አፍንጫቸውን ነው። ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይ ጉብታ አለው፤ ጫፉ ወደ ግራ ያዘነብላል። አፍንጫ ለመተንፈሻ እንደተፈጠረ ሁሉም ያውቃል፤ በዚህ በኩል የእሳቸው እንከን አልነበረበትም። ነገር ግን ሙሽራ ሆነው የባላቸው ቤት ሲገቡ አማታቸው፣ «ውይ! አፍንጫዋ ቀድሟት ገባ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ እልልታውም ቀጠለ። አማትየው ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረው፣ የተናገሩትን ረስተው፣ በሰላም ሞቱ። ቃሉ ግን አልሞተም። ወይዘሮ አስካለማርያም ከዚያ ቀን ጀምሮ የነጠላቸውን ጫፍ ከአፍንጫቸው ላይ አላወረዱም። ሥራ ሲይዙም የስልክ ማዞሪያ መረጡ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገሩ ድምፃቸውን ሰማ እንጂ ፊታቸውን አላየም።

ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ደጀኔ፣ ትርንጎ፣ ዘርፌ። ያንን አፍንጫ የወረሰችው የመጨረሻዋ ዘርፌ ናት፤ ከነጉብታው፣ ከነዝንባሌው።

ታዲያ አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለማርያም ከጎረቤት ለቅሶ ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያጥፉ ተቀመጡና፣ «እኔንም እንደዚያ ሊያቆሙኝ ነው?» አሉ። «ሦስት ቀን? ነጠላዬን በየትኛው እጄ ልይዝ ነው?» ቀጥለውም፣ «አፍንጫዬን ላሠራ ነው» አሉ።

ደጀኔ ብድግ አለ። «እማዬ፣ በስልሳ ሦስት ዓመትሽ? አፈር ለሚበላው?»

«አፈርስ ይብላው። ሰው እንዳይበላው ብዬ ነው።»

ዘርፌ ሥራዋን ትታ ቀና አለች። «የእኔስ እማዬ?»

«ያንቺማ ያምርብሻል።»

«ካንቺ ጋር አንድ አይደለም እንዴ?»

እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው ፊታቸውን ወደ ትርንጎ አዞሩ።

ትርንጎ እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ወይዘሮ አስካለማርያምን ነጠላቸውን አስወርዶ ፎቶ አነሣቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጉብታውን ደመሰሰ፤ ጫፉን አቀናና አትሞ ሰጣቸው። «ይቺ ሴት ማን ናት?» አሉ። «እርስዎ ነዎት፣ እናቴ» አለ ሐኪሙ። ወረቀቱን እንደ ሥዕለ ማርያም ሳሙት። ታክሲ ውስጥ የትርንጎን እጅ ያዙ፦ «ቢሠራም ባይሠራም፣ የምታቆሙልኝ ይህንን ነው። ማይልኝ።» ትርንጎ ሳታስበው፣ «እናቴ ትሙት!» አለች። «እሱስ አይቀርም» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

ደጀኔ ደግሞ ሐኪሙ ልባቸው ደካማ ነው ማለቱን ሰምቶ ተንበረከከ። «እማዬ፣ ቢላ ሳይነካሽ ቢያንስ ጾሙ ይፈታ። ከፋሲካ በኋላ እኔው ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ» አለ። እሺ አሉት። እናትን በሕይወት ማቆየት የልጅ ወግ ነውና ማንም አልነቀፈውም።

ዘርፌ ያደረገችው ነገር ትንሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ዶሮ ጣራ ላይ ወጣች። እናትየው ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ከታች ቆሙ፤ ዶሮዋ ሽርጡን ትታ በደጀኔ ባርኔጣ ላይ አረፈች። ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ አፍንጫቸው ሰማይ እያየ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዘርፌ በስልኳ አነሣቻቸው።

«አንሥተሽኛል?»

«አዎ።»

«አጥፊው!»

«አጠፋሁት» አለች። አላጠፋችውም። ያ አፍንጫ ሲስቅ ሲያዩት እንዲህ እንደሚያምር እስከዚያ ቀን ድረስ የነገራት ሰው አልነበረም።

ጾሙ ሊፈታ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ወይዘሮ አስካለማርያም ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ። የነጠላቸው ጫፍ በእጃቸው ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ድንኳኑ ተተከለ፤ ማቆሚያውም መጣ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኅሩይ ደንቡን በቃል ያውቁታል፦ «ፊት በግልጽ የሚታይ፣ አንድ ፎቶ። ፎቶውን የሰጠ ልጅ ከሬሳው ፊት ይዞት ይሄዳል። ልጆች፣ ሬሳ በስድስት ሰዓት ይወጣል፤ ፍሬሙ ባዶ ነው።»

ሦስት ፎቶ መጣ። ጋሽ ኅሩይ አስተዋይ ሰው ናቸውና፣ «በየተራ እንያቸው» አሉ።

መጀመሪያ የደጀኔ ቆመ፤ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የወጣ ነው። ጸሐፊው «ነጠላውን ያውርዱ» ብሎ የተቆጣቸው ዕለት የተነሡት ነው። አፍንጫው ሙሉ ነው፤ ዓይናቸው ግን እንደ ታሰረ ሰው ዓይን ነው። ለቀስተኛው ወግ ባለው መንገድ አለቀሰ። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ «እትዬ አስካለ ምን አድርገናት ነው የምትቆጣን?» አለች።

ቀጥሎ የትርንጎ ቆመ። ከመንገዱ ጫፍ ደረቷን እየመታች የመጣች ሴት ፎቶው ዘንድ ስትደርስ ቀጥ አለች። እንባዋን ጠረገችና፣ «ይቅርታ፣ የሌላ ሰው ለቅሶ ነው» ብላ ሌላ ድንኳን ፍለጋ ወጣች። የተቀመጡት ግን ፎቶውን አዩ፤ ዘርፌን አዩ፤ እንደገና ፎቶውን አዩ። «ለካ ይስተካከል ነበር» አለ አንዱ፣ በሹክሹክታ፣ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማው።

የዘርፌ ሲቆም ለቀስተኛው ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ አግዳሚው ወንበር እስኪነቃነቅ አለቀሰ።

«አጥፊው አላለችሽም?» አለቻት ትርንጎ። «አርባ ዓመት የሸፈነችውን፣ መከላከል በማትችልበት ቀን ልትገልጪባት ነው?»

«አንቺስ እታለም? እናቴን አውጥተሽ ማንን ልትቀብሪ ነው?»

«እኔ የማልኩት በእሷ ነው።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለ ደጀኔ። «የእኔ አልተሰረቀም፤ አልተሠራም። እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነቱ? እያስገደዱ ያነሷት?» አለች ዘርፌ።

«በሕይወቷ ያየችውና ያልሸሸችው ፎቶ አንድ ብቻ ነው» አለች ትርንጎ። «እሱም ይኸው።»

ደጀኔ «ከፋሲካ በኋላ» ያላትን ቀን አስታወሰና ወደ መሬት አየ።

ደወል ተሰማ። ሬሳው ወጣ፤ ቄሶቹም ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ኅሩይ ሦስቱን ፎቶ በብብታቸው ይዘው፣ ባዶውን ፍሬም በሌላ እጃቸው አንጠልጥለው፣ ተራ በተራ ልጆቹን ያያሉ። ሕዝቡ ደግሞ ዘርፌን ያያል። ዘርፌ ሳይታወቃት የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አነሣች።

እንግዲህ እናንተ የተቀመጣችሁ፣ ፍርድ የምታውቁ፣ አፍንጫችሁንም በየመስተዋቱ የምታዩ፦ አንዱ ያልተሠራችውንና ያልወደደችውን እናት አመጣ፤ አንዷ የወደደችውንና ያልሆነችውን አመጣች፤ አንዷ የሆነችውንና የከለከለችውን አመጣች። ከሬሳው ፊት ፍሬሙን ይዞ መሄድ የሚገባው ማንኛቸው ነው? ቶሎ በሉ፤ ጋሽ ኅሩይ ቆመዋል።