ስሜን ዝጉልኝ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ይሄ የመድኃኒት መጋዘን ተረት ነው፣ ሆድ ያቃጥላል።

እማዋይሽ በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ዕቃ የምታስወጣ ሴት ነበረች። ኮምፒውተሩ ላይ በስሟ ገብታ «ይውጣ» ካላለች መኪና አይንቀሳቀስም። አባቷ ሞቶባት ለቅሶ ላይ ሳለች ስልክ ተደወለላት። «እግዜር ያጽናሽ። ከኮምፒውተር ክፍል ነኝ፤ ሥራው እንዳይቆም ፓስወርድሽን ስጪኝ።» ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ከአጽናኝ ጋር ይከራከራል? ሰጠችው። ለካ ሌባ ኖሯል!

ቢሮ ስትመለስ ሌባው ፓስወርዱን ቀይሮባታል። ለአንድ የገጠር ሆስፒታል ልጆች የተመደበውን የስኳር መድኃኒትም በስሟ ወደማታውቀው ቦታ አዞታል። «አቁሙ!» ብትል ጫኞቹ፣ «ያዘዝሽው አንቺ፤ ማቆሚያውም በኮምፒውተር ይምጣ» አሏት።

ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሮጠች። «ቶሌራ በሞቴ፣ ስሜን ዝጋልኝ! ሌባ ገብቶበታል።»

«እማዋይሽዬ፣ አለቃሽ ሳያዙ እንዴት አድርጌ?»

ወደ አለቃዋ ሮጠች። «ጋሽ ገዛኸኝ፣ እርስዎ ካላዘዙ ቶሌራ ስሜን አይዘጋም። ስሜ ካልተዘጋ ሌባው አይወጣም፤ ሌባው ካልወጣ መኪናው አይቆምም!»

«አስተዳደር ሳያረጋግጥ? ኋላ እኔን ማን ያድነኛል?»

ወደ አስተዳደር ሮጠች። «እትዬ ዘቢደር፣ እርስዎ ካላረጋገጡ ጋሽ ገዛኸኝ አያዙም፤ እሳቸው ካላዘዙ ቶሌራ ስሜን አይዘጋም። ስሜ ካልተዘጋ ሌባው አይወጣም፤ ሌባው ካልወጣ መኪናው አይቆምም፤ መኪናው ካልቆመ ልጆቹ መድኃኒት የላቸውም!»

«በኢሜይልሽ ጻፊልኛ።»

«ኢሜይሌ እኮ ሌባው እጅ ነው!»

«ታዲያ አስዘጊዋ!» ይህን እያሉ ኮምፒውተራቸው ላይ መልእክት ገባ። «ይኸው፣ እማዋይሽ ጽፋለች። ‹ስሜ ደህና ነው፣ እንዳይዘጋብኝ› ትላለች።»

«እማዋይሽ እኮ እኔ ነኝ! ስንት ዘመን አብረን ምሳ የበላን!»

«እኔማ አውቅሻለሁ። ይሄ ግን የተጻፈ ነው።»

እያለቀሰች ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። «ጌታዬ፣ እርስዎ ካልተናገሩ እትዬ ዘቢደር አያረጋግጡም፤ እሳቸው ካላረጋገጡ ጋሽ ገዛኸኝ አያዙም፤ ጋሽ ገዛኸኝ ካላዘዙ ቶሌራ ስሜን አይዘጋም፤ ስሜ ካልተዘጋ ሌባው…»

«ቆይ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «የእኔስ ኮምፒውተር ለምን አላስገባ አለኝ? ቅድም በኢሜይል ‹ለመኪናው ፈቃድ ይስጡኝ› ብለሽኝ፣ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ራስሽ ፍቀጂ ብዬ ፓስወርዴን ሰጥቼሽ የለ?»

«ለሌባው ነው የሰጡት፣ ጌታዬ።»

አቤት ያን ጊዜ የሆነው! የእሷ ስም ሲሰረቅ ያልተነሳ ሁሉ በሳቸው ጊዜ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ ጮኹ፤ ሲጮኹ ዘቢደር አረጋገጡ፤ ሲያረጋግጡ ገዛኸኝ አዘዙ፤ ሲያዙ ቶሌራ ዘጋ፤ ሲዘጋ ሌባው ወጣ። «ይኸው ስምሽ ተዘጋልሽ» አሏት።

መኪናው ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

እማዋይሽ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። «እማዋይሽ ነኝ፣ ከመድኃኒት…»

«አንቺ ነሽ?» አለች ነርሷ። «እግዜር ይይልሽ! ጠዋት ‹መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው› ብለሽ ጽፈሽልን፣ አንቺን አምነን ከሌላ ቦታ ሳንፈልግ ቀረን። ይኸው እስካሁን የለም፤ ለእናቶቹ ምን ልበላቸው?»

እኔም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አልላችሁም። የልጆቹን መድኃኒት መልሱ።