የልብስ ሰፊው ምንጣሮ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። ከሚስቱ ከየውብዳር ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኪራይ ቤት ኖሯል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምስማር ለመምታት አስፈቅዷል፣ ልብስ ለማስጣት አስፈቅዷል፣ እንግዳ ለማሳደር አስፈቅዷል። ታዲያ የማታ ማታ ተሳካለትና ከከተማው ዳር፣ ከተራራው ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ ያለ ቦታ ተመራ። ካርታው እጃቸው የገባ ዕለት የውብዳር አሥር ጊዜ እየገለጠች አየችው።

ችግሩ ቦታው ጫካ ነው። ክትክታው፣ አጋሙ፣ ቀጋው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሰው አያሳልፍም። መሃሉ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ቆሟል። በላይ በኩል ደግሞ ከተራራው የምትወርድ፣ በበጋ ደረቅ የሆነች ቦይ ቁጥቋጦው ውስጥ ለውስጥ ታልፋለች። ያየው ሁሉ "ቤት ልትሠራ ነው ወይስ ጅብ ልታረባ?" እያለ ያሾፍበት ጀመር። መቼም ሰው የድሃን ደስታ ዝም ብሎ አያይም። ይርዳውን ነገሩ ከነከነው። ከቦታው መሃል ቆሞ አራቱንም ማዕዘን ካላየ የእሱ መሬት መሆኑን ልቡ አላምን አለው።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይጠና በደቦ ሊያስመነጥረው ተነሳ። ሰኔ ሚካኤል ካለፈ በኋላ በዓል የሌለበት ቀን ፈልጎ እድርተኞቹን ጠራ። የውብዳርም ጠላ ጠመቀች። እንግዲህ ደቦ ጠርቶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠላው ከተጠመቀ ቀኑ ወዲያ ወዲህ አይልም።

ሁለት ቀን ሲቀረው ከቦታው በታች ላሉት ጎረቤት ሊነግር ሄደ። እማማ አንጓች ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው አሮጊት ናቸው። በዚያች ጭቃ ቤት አርባ ክረምት ከርመዋል፤ ከእሷ ሌላ ሀብት የላቸውም። ምንጣሮውን ሲነግራቸው ደስ አላቸው። ከዚያ ግን ዳገቱን ቀና ብለው አዩና አሁን ሁሉንም እንዳይነካ ለመኑት። መጀመሪያ አንድ ክረምት ውሃው በየት መጥቶ በየት እንደሚወርድ እይ፣ የምትቆርጠውን ያኔ ትቆርጣለህ፤ ክትክታው አፈሩን ይዞልሃል፣ ቦይዋም ደረቅ ናት ብለህ እንዳትናቃት አሉት።

ይርዳው በአክብሮት ሰማቸው። ምክሩም ልክ መሰለው። ነገር ግን ጠላው ተጠምቋል።

"እማማ፣ ብጠብቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ጠላው ይቆመጥጥብኛል" አላቸው።

"ልጄ፣ ጠላ ቢቆመጥጥ ሌላ ይጠመቃል፤ አፈር ግን አይጠመቅም" አሉት።

ይርዳው ሳቀና ተሰናብቷቸው ወጣ።

የደቦው ቀን ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ከላይና ከታች ሁለት ቡድን ሆነው ማን ቀድሞ መሃል ይደርሳል ብለው ተፎካከሩ። ደቦ ላይ ፉክክር ከተነሳ ደግሞ ዓይን ይታወራል። አንዱ ከወይራው ሥር ቆም ብሎ ይሄስ ይቆረጥ ወይ ሲል ይርዳውን ጠየቀው። ይርዳው አመነታ፤ የአሮጊቷ ነገር ትዝ አለው። ግን የታችኞቹ እየዘፈኑ ሊደርሱ ነው፣ የላይኞቹ ተቀደምን ብለው ይንጫጫሉ፣ እሱም በሰው ፊት ወላዋይ መባሉን ፈራና ይቆረጥ አለ። ቁጥቋጦው ከነሥሩ ተነቀለ። አልበገር ያላቸው የወይራው ጉቶና እዚህም እዚያም የቀረ የክትክታ ሥር ብቻ ነበር። ቅርንጫፉን የት እንጣለው ሲባል ቦይዋ ተገኘች። ያን ሁሉ ማን ይሸከማል? እዚያው ከምረው አቃጠሉት፣ በአመዱ ላይ አፈር መለሱበት፣ ደለደሉት።

አመሻሽ ላይ ቦታው መዳፍ መሰለ። ይርዳው መሃሉ ላይ ቆሞ አራቱንም ማዕዘን አየና ከደስታው ብዛት አለቀሰ። የውብዳርም አለቀሰች። ጠላውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነበር።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተራራው ላይ ዶፍ ወረደ። ይርዳው የስፌት መኪናውን ትቶ እየሮጠ ደረሰ። ውሃው እንደ ልማዱ ቦይዋን ፍለጋ መጣ፤ ቦይዋ ግን የለችም። ስለዚህ በተራቆተው መሬት ላይ እንዳሻው ተበተነ፣ አፈሩን እያነሳ ቁልቁል ነዳው፣ ሄዶ ከእማማ አንጓች የጓሮ ግድግዳ ጋር ተላተመ። ይርዳው ግድግዳው ሲናድ ከላይ ሆኖ በዓይኑ በብሌኑ አየ። እማማ አንጓች አልጋቸው ላይ ወጥተው እግዚኦ ሲሉ ጎረቤት ተሯሩጦ አወጣቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። ቤታቸውን ግን ግማሹን ጭቃ በላው።

ያን ሰሞን እህል በይርዳው አፍ አልዞረም። የእሱ መሬት አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ አግጥጧል፤ እሱን ያንገበገበው ግን የአሮጊቷ ቤት ነው። የራሴ ቤት ይኑረኝ ሲል የሰው ቤት አፈረሰ። እንደ አገሩ ወግ ሁለት ሽማግሌዎች ላከባቸው፤ ይቅር እንዲሉት፣ የፈለጉትን እንዲፈርዱበት። እማማ አንጓች የተጠጉበት ጎረቤት ቤት ሆነው ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉና፣ ሽማግሌ አያስፈልገኝም፣ ዶማውን ይዞ ራሱ ይምጣ ብለው መለሷቸው።

ዶማውን ይዞ መጣ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙት።

"ለመሆኑ አንተ ጨርቅ ሳትለካ ትቆርጣለህ?" አሉት።

"ኧረ በጭራሽ፣ እማማ። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።"

"ታዲያ መሬቱን ምን ለክተህ ነው የቆረጥከው?"

መልሱንም ሳይጠብቁ ና ቦይዋን እንክፈት ብለው ፊት ፊቱን መንገድ ጀመሩ።

ቦይዋን ከፈቱ። ይርዳውም ጎርፉ ያወጣውን ድንጋይ እየለቀመ በተዳፋቱ ላይ እርከን ሠራበት። ለራሱ ቤት ብሎ የገዛውን ማገርና ወራጅ ሁሉ ለእማማ አንጓች ቤት አዋለው። የውብዳር ሆድ ባሳት፤ ሃያኛው የኪራይ ዓመት መግባቱ ነው። ቢሆንም ጭቃውን በእግሯ እያቦካች ግድግዳውን ከባሏ ጋር መረገች። እማማ አንጓች ነሐሴ ሳያልቅ ቤታቸው ገቡ። ይርዳውም ዝናብ በመጣ ቁጥር ላስቲክ ለብሶ ዳገቱ ላይ ይቆማል፣ ውሃው ያለፈበትን እየተከተለ ችካል ይተክላል። አላፊ አግዳሚው አበደ እንዴ ሲል እሱ አይሰማም።

መስከረም ሲጠባ ቦታው ወገብ የሚደርስ አረም አበቀለ። አረሙ ውስጥ ግን ከወይራው ጉቶ ለጋ ቡቃያ ወጥቷል፤ የተረፈው የክትክታ ሥርም አቆጥቁጧል። ይርዳው ሲያይ ልቡ ተንሰፈሰፈ። እንደገና ደቦ ሲጠራ እድርተኞቹ፣ ልብስ ሰፊው የቀደደውን ሊጥፍ ጠራን ተባባሉ። ቢሆንም አልቀሩበትም። ደቦው ከመድረሱ በፊት ይርዳውና እማማ አንጓች ሁለት ቀን ሙሉ ቦታውን ዞሩት። ይርዳው ከሱቁ ያመጣውን ቀይ ብጣሽ ጨርቅ በሚቀረው ሁሉ ላይ አሰረ፤ በቡቃያው፣ በቁጥቋጦው፣ በቦይዋ ዳርና ዳር። ፉክክሩ እንዳማራችሁ ይሁን፣ ጨርቅ ያለበትን ግን ማንም እንዳይነካ ብሎ ለደቦው ተናገረ። ማንም አልነካበትም።

በዓመቱ ቤቱ ቆመ። ክረምቱ መጣ፣ ውሃው በቦይዋ ወርዶ መንገዱን ሄደ፣ ከላይም ከታችም ያለ ቤት አልተነካም። የውብዳር ማንንም ሳታስፈቅድ ግድግዳዋ ላይ ምስማር መታች።

ቤቱን ጸበል ሊረጩ የደብሩ ቄስ ተጠሩ። ገና ከበሩ ሲደርሱ በየቁጥቋጦው የተንጠለጠለውን ቀይ ጨርቅ አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። ዛፍ ላይ ጨርቅ ማሰር ምን እንደሚመስል መቼም ይታወቃል። መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙና፣ እኔ ጸበል ልረጭ መጥቼ አንተ ዛፍ ታመልካለህ ወይ ብለው በሰው ሁሉ ፊት ቆጡት።

"መምሬ፣ ዛፉን ፈርቼ አይደለም" አለ ይርዳው። "የራሴን መጥረቢያ ፈርቼ ነው።"

ቄሱ ቁልቁል የእማማ አንጓችን አዲስ ግድግዳ አዩ፣ ቦይዋን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ጸበሉን ረጩ፣ ቤቱንም ባለቤቶቹንም መረቁ። ሲወጡ ግን ይርዳውን ወደ ጥግ ጠራ አድርገው፣ በሚቀጥለው ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይመነጠራልና ጥቂት ብጣሽ ጨርቅ እንዲሰጣቸው ጠየቁት።

ወዳጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይርዳው ዕድለኛ ነው፤ ያፈሰሰውን ለቅሟል። ማጽዳት ማለት ሁሉን ማጥፋት የሚመስለን ብዙዎች ነን። የሚቆረጠውን ከመቁጠርህ በፊት የሚቀረውን ምረጥ። ውሃው የት እንደሚሄድ ሳታውቅ መንገዱን አትድፈን። ከአንተ በታች ያለውን ሰው ሳትጠይቅ ከላይ አትቆፍር፤ የአንተ ስህተት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን ግድግዳ ነውና። ይህ ለመሬት ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም፤ አዲስ ሥራ ለተረከበም፣ አዲስ ትዳር ለያዘም፣ የድሮ ልማዱን ነቅሎ ሊጥል ለተነሳም ይሆናል። ያጠፋህም እንደሆነ ተስፋ አትቁረጥ፤ ዶማህን ይዘህ ሂድ፣ ሥሩ ካልሞተ ያቆጠቁጣል።

አንተስ፣ ዛሬ ልትመነጥር በተነሳህበት ነገር ውስጥ ቀይ ጨርቅ ያሰርክበት የቱ ነው?