ካልለመኗት የማትሄደው በቅሎ

ተረት መጥቷል፣ ደጅ ቆሟል!

"ይግባ፣ ቦታ አለ!" በሉ እንጂ! ምን ሆናችኋል? እንዲህ ቀዝቅዛችሁ ከጠበቃችሁኝ ተረቴን ይዤ ወደ ጎረቤት እሄዳለሁ። እስቲ እንደገና። ተረት መጥቷል፣ ደጅ ቆሟል!

"ይግባ፣ ቦታ አለ!"

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ እንስሳት ከሰው እኩል በሚጫወቱበት፣ መኪናና ባቡር አፍ አውጥተው በሚከራከሩበት ዘመን፣ ተጉለት ውስጥ ሸጊት የምትባል በቅሎ ነበረች። ጌታዋ አቶ ደምለው ይባላሉ። ሸጊት ቁመናዋ ያማረ፣ አረማመዷ የለሰለሰ፣ ከሁሉም በላይ ግን ጨዋ ናት። ጨዋነቷ ምን ይመስላል አትሉኝም? ገብስ ትወዳለች፤ ልቧ እስኪጠፋ ትወዳለች። ግን "ብዪ" ሲሏት "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላለች። "በሞቴ" ሲሏት "ኧረ አይሆንም" ትላለች። "አፈር ስሆን" ሲሏት "ኧረ አታስቸግሩኝ" ትላለች። አራተኛ ጊዜ ሲለምኗት ግን ያን ገብስ ሙልጭ አድርጋ ትበላዋለች። በእሷ አገር እንግዳ ሦስቴ እምቢ ይላል፣ ባለቤት ደግሞ እስኪበላ ድረስ ይለምናል። ይህን የማያውቅ ስለሌለ ተርቦ የሚያድር እንግዳ የለም።

ይቺ ሸጊት ታዲያ አንድ ምኞት ነበራት። አዲስ አበባን ማየት! የጭነት መኪኖች ገበያው ዳር ቆመው ሲያወሩ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች። "በድልድይ ላይ የሚሄድ ባቡር አለ" ይላል አንዱ። "ሰው በወንበር ተሸክሞ እየዞረ ሰማይ ወጥቶ የሚመለስ የመጫወቻ መንኮራኩርስ!" ይላል ሌላው። ሸጊት ይህን ሰምታ ስትመለስ ሣሩም ውሃውም አይጥማትም ነበር።

አንድ ጊዜ የአቶ ደምለው የእህት ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ ደግሞ "በበቅሎ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ካልተነሳሁ ሞቼ እገኛለሁ" አለች። የከተማ ሙሽራ ነገር! ምን ይደረግ፣ ሸጊት በአሮጌ የጭነት መኪና ተጭና ተጉለትን ለቀቀች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። መንገዱን ሙሉ አንገቷን በመኪናው ጎን አስግጋ፣ ነፋሱ ጆሮዋን ወደ ኋላ እያጠፈው፣ "ደረስን? ደረስን?" እያለች መኪናውን አሰለቸችው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ባለ ጥልፍ ግላስ አለበሷት፣ ሙሽራዋን አስቀመጡባት። ሙሽራዋ ፈርታ የሸጊትን ሁለት ጆሮዎች ጨምድዳ ያዘች። ከፊት ፎቶ፣ ከጎን ፎቶ፣ "ፈገግ በዪ" ፎቶ! ሲያልቅ አቶ ደምለው ልጓሟን ፈቱላትና "በይ እንግዲህ፣ አንቺም ዛሬ ሠርገኛ ነሽ፤ ደስ ያለሽን አድርጊ" ብለው ወደ አዳራሹ ገቡ።

መኪናው ግን አስጠነቀቃት። "ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥሩምባዬን ሦስቴ እነፋለሁ። በሦስተኛው ካልመጣሽ ጥዬሽ ነው የምሄደው። ሁለተኛ ወደዚህ የምትመጪበት ሠርግም ያለ አይመስለኝም፤ አይተሽ ተመለሺ።"

ሸጊት ይህን ስትሰማ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። አንድ ቀን! ያውም ግማሽ ቀን!

ከአዳራሹ በር ላይ ሻምበል የሚባል ውሻ ይኖር ነበር። ስሙን ያወጣለት የበሩ ዘበኛ ነው። ሻምበል እንግዳ ሲያይ አያስችለውም፤ ከተማውን አዙሮ ካላሳየ እንቅልፍ አይወስደውም። ፈጣን፣ ለፍላፊ፣ ጅራቱ የማያርፍ ውሻ ነው።

"እሜቴ! አገር ልታዪ ነው? ነይ ተከተዪኝ! በዚህ ከተማ የማላውቀው መንገድ የለም። ፍጠኚ፣ ፍጠኚ፣ ቀኑ አይጠብቀንም!"

ሸጊት ተከተለችው። ምን ያላየችው ነገር አለ! ፎቁ፣ የጫማ ጠራጊው ሳጥን፣ በቆሎ ጥብሱ፣ የዳንቴል ሻጯ ጃንጥላ፣ መብራቱ ቀይ ሲሆን ቀጥ የሚሉት መኪኖች! "ውይ! ውይ!" ትላለች፣ አንገቷ ወዲያና ወዲህ ሲዞር ሊቀጭ ምንም አልቀረው።

ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እየጮኸ መጣ።

"ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው! እሜቴ፣ ትገቢያለሽ? ፒያሳን አዙሬ፣ አራት ኪሎን አሳይቼ፣ የድንጋዩን አንበሳ አስጎብኝቼ እመልስሻለሁ!"

የሸጊት ልብ "አዎ!" አለ። አፏ ግን ልማዱን አልረሳም።

"ኧረ ተው፣ አላስቸግርህም" አለች፤ መሬት መሬት እያየች።

ከዚያ "በሞቴ" እስኪላት ጠበቀች።

"እሺ!" አለ ሚኒባሱ። በሩን ጓ! አደረገና ጭሱን አፍንጫዋ ላይ ለቆ ሄደ።

ምን ያስቃችኋል? እናንተ ብትሆኑ ትስቁ ነበር? ሸጊት አፏን ከፍታ ቀረች። "አሳዳጊ የበደለው!" አለች በሆዷ። "እንዴት አንዴ ጠይቆ ይሄዳል?"

ሻምበል ደግሞ ጅራቱን እየቆላ "ታክሲ አትወጂም ማለት ነው። ገባኝ! ጠባብም ነው። ነይ፣ ባቡር አለ!" አለና ፊት ፊት ሮጠ።

ባቡሩ ረጅም፣ ንጹህ፣ ኩሩ ነበር። በድልድዩ ላይ ዝግ ብሎ መጥቶ ፊቷ ቆመ። በሮቹን ሁሉ ከፈተ። ሸጊት "ይሄ የጨዋ ልጅ ነው፤ ይሄስ መለመን ያውቃል" ብላ ተጽናናች።

"እንግዳዬ፣ ይሳፈራሉ?" አላት ባቡሩ፣ ያውም በአንቱታ። "ከላይ ሆነው የከተማውን ጣሪያ ሁሉ ያያሉ።"

ጣሪያውን ሁሉ! ሸጊት አንድ እርምጃ ቀረበች። ግን በአንቱታ ለጠራት እንዴት ዘላ ትገባበታለች? ነውር አይደለም?

"ኧረ ይቅርብኝ፣ ሌላ ሰው ይቀመጥበት" አለች።

ሁለተኛውን እምቢታ አዘጋጅታ፣ ሦስተኛውንም ከምላሷ ስር አስቀምጣ ጠበቀች።

"እናመሰግናለን" አለ ባቡሩ። በሮቹ ተዘጉ። አንድ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቡ፤ እናንተ ሳትጨርሱ ባቡሩ ከዓይኗ ተሰወረ።

"ባቡርም አትወጂም!" አለ ሻምበል ተገርሞ። "ከፍታ ትፈሪያለሽ መሰለኝ። ምንም አይደል እሜቴ፣ አደባባዩ ላይ ሰርከስ አለ፤ እሱ መሬት ላይ ነው!"

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ሕዝቡ ከቦ ይጮሃል። ከመሃል ትልቅ ከበሮ ተቀምጧል።

"ዱም! ዱም! እንግዳ መጣችልን! ከፊት ወንበር ልስጥሽ?"

"ኧረ እኔ ከኋላ ይበቃኛል።"

"እንደፈለግሽ! ዱም!"

ሰዉ ከፊቷ ግጥም አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰርከሱ እዚያው፣ እሷም እዚያው፣ የምታየው ግን የሰው ጀርባና የተዘረጋ ጃንጥላ ብቻ። "ኧ-ኧ-ኧ!" ይላል ሕዝቡ። "ወይኔ ሊወድቅ ነው!" ይላል። "እሰይ ያዘችው!" ይላል። ማን ነው የሚወድቀው? ማን ናት የያዘችው? ሸጊት በአንድ ጎን ተንጠራራች፣ በሌላው ጎን ተንጠራራች፣ አንድ ነገር አላየችም። ጭብጨባው ሲቀልጥ ጨዋታው አልቆ ነበር።

ያን ጊዜ ከሩቅ፣ ከአዳራሹ በኩል፣ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። አንድ!

ሸጊት ሆድ ባሳት።  ሻምበል ይባስ ብሎ "እንግዲህ እሜቴ፣ ከተማ አትወጂም መሰለኝ። ወደ መኪናሽ ላድርስሽ?" ሲላት፣ የጨዋይቱ ልጓም ተበጠሰ።

"ለምን አትለምነኝም?" ብላ ጮኸች። "ሁላችሁም ምን ዓይነት ፍጥረት ናችሁ? አንዴ ጠይቆ እሺ ብሎ መሄድ ከየት የመጣ ነው?"

ሻምበል ጅራቱ እንኳን ቆመ። "አልፈልግም አልሽ እኮ!"

"አልፈልግም ያልኩት እንድትለምነኝ ነዋ!"

"እየፈለግሽ?"

"በጣም! ታክሲውንም፣ ባቡሩንም፣ ሰርከሱንም! ከተወለድኩ ጀምሮ!"

ሻምበል መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቁ አፈነው፣ ሳቁን ሲጨርስ ግን አዘነላት። "እሜቴ፣ እዚህ ከተማ ሁሉም ይቸኩላል። አንዴ ይጠይቅሻል፤ እሺ ካልሽ እሺ፣ እምቢ ካልሽ እምቢ ነው። ክፋት አይደለም፣ ያልሽውን ማመናቸው ነው። አሁን ንገሪኝ፣ ለአንድ ነገር ጊዜ አለን። ምን ይሁን?"

"መንኮራኩሩ!" አለች ሸጊት። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

"ከአዳራሹ ጀርባ ነው! ሩጪ!"

ሮጡ! ሸጊት ሶምሶማውን ትታ ጋለበች፤ ግላሷ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ ሻምበል "ዞር በሉ! እንግዳ! እንግዳ!" እያለ መንገድ እያስለቀቀ። ሎሚ ሻጩ ሳቀ፣ ትራፊኩ ፊሽካውን ረሳው፣ መኪኖቹም ቀዩ መብራት ሳይዛቸው ቆመው አሳለፏቸው።

መንኮራኩሩ መብራቶቹ በርተው፣ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ቆሟል። ያረጀ ብረት ነው፤ ቁጡ ነው።

"አንድ ዙር ዞሬ አርፋለሁ" አለ። "የምትወጪ ከሆነ ውጪ፣ የማትወጪ ከሆነ ከፊቴ ገለል በዪ።"

"ኧረ እኔ አላስቸ..." ብላ ጀመረችና ሸጊት ምላሷን ነከሰች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ "እወጣለሁ! እፈልጋለሁ! አሁኑኑ!" አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ጆሮዋ በእፍረት ጋለ። ነገር ግን ሰማይ አልተደፋባትም፤ መንኮራኩሩም "እሺ" ብሎ ወንበሩን ዝቅ አደረገላት። ይኸው ነው! ይህን ያህል ቀላል ነበር!

አንድ እግሯን ወንበሩ ላይ ስታደርግ ዞር ብላ አየች። ሻምበል መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል።

"ና እንጂ!" አለችው።

"አይ፣ አንቺ ሂጂ። እኔ እዚሁ ሆኜ አይሻለሁ።"

"አንተ ስንቴ ወጥተህበታል?"

"እኔ?" አለ ሻምበል፣ ጆሮውን እያከከ። "እኔማ አልወጣሁም። እንግዳ አድርሼ እዚህ ነው የምጠብቀው። ደግሞም አልፈልግም።"

ሸጊት ትክ ብላ አየችው። አፉ አልፈልግም ይላል፣ ዓይኑ ግን ከላይኛው ወንበር ላይ ነው። ይህን "አልፈልግም" ሸጊት የማታውቀው ይመስላችኋል? ከቃሉ ጋር አብራ ያደገች!

"በሞቴ" አለችው።

"ኧረ ሂጂ፣ ያመልጥሻል!"

"አፈር ስሆን።"

"የመንገድ ውሻ ነኝ እኮ እሜቴ፤ ወንበሩን አቆሽሻለሁ።"

ከአዳራሹ በኩል ጥሩምባው ጮኸ። ሁለት! መንኮራኩሩም "ኧረ ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ልሄድ ነው!" ብሎ ተንቀጠቀጠ።

ሸጊት ያችን ዕድሜ ልኳን የተመኘቻትን ወንበር አየች። ከዚያ ያስቀመጠችውን እግር አወረደች።

"ካልወጣህ አልወጣም" አለች።

"ትቀሪያለሽ እኮ!"

"ልቅር።"

 የሻምበል ዓይን ውሃ ሞላ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተወርውሮ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ፤ ሸጊትም ከጎኑ። ሲጢጥ! ተነሱ!

ወጡ፣ ወጡ፣ ወጡ! ዛፉ ከስራቸው ቀረ፣ አዳራሹ ከስራቸው ቀረ፣ ፎቁም ቀረ። ሸጊት "ውይ! እዩልኝ! ያ ባቡሩ አይደለም? ያቺ ሰማያዊዋ ሚኒባሱ አይደለችም? ፒያሳ ወዴት ነው? እንጦጦ ያ ነው?" ትላለች፣ ሦስት ወር እንደታሰረ ጥጃ እየፈነጠዘች። መንኮራኩሩ "አትዝለዪ! እወድቃለሁ!" ይላል። ማን ሰምቶት!

ያ ለፍላፊ ውሻ ግን ጸጥ አለ። ስንቱን መንገድ በእግሩ የለካ፣ ስንቱን እንግዳ ያስጎበኘ ሻምበል፣ ሁሉም መንገዶች ተያይዘው ከታች ሲዘረጉለት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሁሉ ወርቅ ስታደርገው፣ "ይቺ ናት እንዴ የኔ ከተማ?" አለ ቀስ ብሎ። ደግሞ "ይቺ ናት?" አለ። 

ሲወርዱ ጥሩምባው ሦስተኛውን ጮኸ። ሸጊት በሩጫ ሄዳ፣ መኪናው ሞተሩን እያንጎራጎረ ሳለ ዘላ ገባች። አቶ ደምለው "ምነው እንዲህ አላበሽ?" ቢሏት፣ "አዲስ አበባን አየሁ!" ብላ እስከ ተጉለት ድረስ ስታወራላቸው ሄደች። ሻምበልም መኪናውን እየተከተለ እስከ ቀለበት መንገዱ ድረስ እየጮኸ ሸኛት።

እንግዲህ ልጆች፣ የምትፈልጉትን አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ፤ ዓለም ሆዳችሁ ውስጥ ገብታ አታይም። ደግሞ አንድ ሰው "አልፈልግም" ሲላችሁ ዓይኑን እዩትና ጥያቄውን አንዴ ድገሙለት። ሻምበል ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያ መንኮራኩር ስር ተቀምጦ ሌላውን ሁሉ ሲያወጣ የኖረው፣ "አንተስ?" ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው አጥቶ ነው።