በሱጁድ ላይ የወደቀችው ኮፒሊያ

አላህ እዝነቱን ያውርድላቸውና፣ ሐጂ መንሱር የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። የከተማዋን ስም ልተወው፤ ከገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረች፣ መስጊዷ ከግንቧ የሚቀድም አሮጌ ከተማ ናት። ሐጂ በዚያች ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ ካርቡሬተር አጥበዋል። ቤንዚንና አየር ለሞተሩ እየመጠነ የሚያቀብለውን ይህን ዕቃ ፈትተው፣ ክፍሎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ይደረድሩና በቤንዚን ያጥቧቸዋል። ጠባብ ቀዳዳዎቹን በአፋቸው እፍ ይሉባቸዋል እንጂ በሽቦ አይጎረጉሯቸውም። «ቀዳዳውን ያሰፋህ ቀን ሚዛን ሰረቅህ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ጡሃ የሚባል ጎልማሳ ከአባቱ የወረሳትን፣ በዕድሜ እሱን የምትበልጥ ባለሁለት ካርቡሬተር መኪና ይዞ መጣ። ሚስቱን፣ አርባ ቀን የሞላትን ልጁንና አማቱን እናት ዘምዘምን ይዞ ወደ ቆላ ሊወርድ ነው። መኪናዋ ግን ታስላለች። ሐጂ ሁለቱንም ካርቡሬተር አጥበው ገጠሙ። ከዚያም የላስቲክ ቱቦ ከጆሯቸው ደግነው የአንዱን ትንፋሽ ከሌላው ጋር እያስተያዩ ብሎኖቹን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር አስተካከሉ። የሞተሩ ድምፅ ሲለሰልስ የቆመው ሰው ሁሉ «ማሻአላህ፣ የሐጂ እጅ!» አለ። ሐጂም ደስ አላቸው፤ ከልክ በላይ ደስ አላቸው። በዚያ ደስታ ውስጥ ሆነው ኮፈኑን ከደኑ። እነጡሃ ሙሳፊር፣ መንገደኛ፣ ስለሆኑ የዐስርን ሶላት መንገድ ላይ እንሰግዳለን ብለው፣ ሶላቱ ሊቆም ሲል ወጡ።

የመስጊዱ ኢማም ታመው ስለነበር የዚያን ዕለት ዐስርን ያሰገዱት ሐጂ መንሱር ናቸው። በሁለተኛው ረከዓ፣ ሱጁድ ወርደው ግንባራቸው ምንጣፉን ሲነካ ከደረት ኪሳቸው አንድ ነገር ወደቀ። ኮፒሊያ ናት፤ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ ከካርቡሬተሩ ጋር የምትቆልፍ፣ የፀጉር መርፌ የማታህል ሽቦ። ነፋስ እንዳይወስዳት ብለው ኪሳቸው ከትተዋት፣ በዚያው ረስተዋታል። እሷ ከሌለች ዘንጉ ይወልቃል፤ ወልቆ ከተሰነቀረ ደግሞ ነዳጁ እንደተከፈተ ይቀራል። ወደ ቆላ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ሃያ ሁለት ጥምዝ አለው።

ሸይጣን መቼም ሩቅ አይደለም። «ሁለት ረከዓ ብቻ ነው የቀረህ» አላቸው። «ሰልፉ ሁሉ ምን ይልሃል?» ሐጂ ግን ነፍስ ለማዳን ሶላት እንደሚቋረጥ ያውቃሉ። «አላሁ አክበር» ብለው ቀና አሉ፣ ከኋላቸው ያለውን ሰው ጎትተው በቦታቸው አቆሙ፣ ሽቦዋን አነሱና ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።

ደጅ ላይ መምህር ሰዒድ ዘግይቶ ደርሶ፣ ለሶላት እየታጠበ ዉዱእ ያደርጋል። ሞተር ብስክሌቱ አጠገቡ ቆሟል።

«ጡሃን ድረስበት!» አሉት።

«ምን ሆኑ ሐጂ? ሶላቱስ?»

«አትጠይቀኝ፣ ንዳው!» አሉት ከኋላ እየተፈናጠጡ።

አራተኛው ጥምዝ ላይ የተቃጠለ ፍሬን ሸተታቸው። ሰባተኛው ላይ መኪናዋን አይዋት፤ ሞተሯ ይጮኻል፣ ከጎማዎቿ ጭስ ይወጣል፣ ከገደሉ ጫፍ እየታከከች ትወርዳለች። የሴቶቹ ዋይታ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ይሰማል። ሰዒድ በመስኮቱ አንጻር ደረሰ።

«ቁልፉን አጥፋው!» አሉ ሐጂ። «ጡሃ! ቁልፉን!»

ድንጋጤ ልቡን ነስቶት ነበርና ጡሃ መጀመሪያ አልሰማም። በሦስተኛው ጩኸት ቁልፉን አጠፋ፣ መሪውን ወደ ተራራው ወገን ጠመዘዘ። መኪናዋ የተራራውን ድንጋይ ፈግፍጋ ቆመች። ሕፃኗ አለቀሰች።

እናት ዘምዘም ከመኪናው እንደወረዱ ከሐጂ እግር ሥር ተደፉ።

«ያ ወሊይ! ከየት ሆነው አዩን? ማን ነገረዎ?»

«ከሶላት መሐል ነው የወጡት!» አለ ሰዒድ። «በዓይኔ አይቻለሁ! ከራማ ነው፣ ወላሂ አላህ ገልጦላቸው ነው!»

ጡሃም ጉልበታቸውን ሳመ። «ይቺ አሮጌ ቆርቆሮ ልትጨርሰን ነበር። ለልጄ ዱዓ ያድርጉላት፣ ሐጂ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሽቦዋ በጭብጣቸው ውስጥ ናት። ያያት የለም። ጥፋቱን መኪናዋ ተሸክማዋለች። ዝም ቢሉ አልዋሹም፤ ዝም ቢሉ ማታውን ከተማው ሁሉ ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ይላቸዋል። ቢናገሩ ደግሞ የአርባ ዓመት ስማቸው እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። ላባቸው በጺማቸው ወረደ። እናት ዘምዘም ገና ጫማቸውን እንደያዙ ናቸው።

«ይነሱ እናቴ» አሉ በመጨረሻ። «ከራማ አይደለም።» ጭብጣቸውን ዘረጉ። «ይህችን መግጠም ነበረብኝ። ሰው ሲያወድሰኝ ረሳኋት። ልትጨርሳችሁ የነበረው መኪናዋ አይደለችም፤ እኔ ነኝ።»

ጡሃ ሽቦዋን አየ፣ ልጁን አየ። «አንተ ነህ?» አለ። በሕይወቱ ሐጂን አንተ ብሎ አያውቅም። ጀለቢያቸውን በአንገታቸው በኩል ጨምድዶ ያዘ። ሰዒድ ሊገላግል ሲገባ ሐጂ «ተወው፣ ሐቁ ነው» አሉ። ጡሃ ለቀቃቸው፣ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዓይኑን ጠርጎ ተነሣና «ይግጠሟት» አለ። «እኔ ቆሜ አያለሁ።» ገጠሙ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ፣ ሳበ፣ አረጋገጠ። ከዚያ ሁሉም እዚያው ጥምዝ ላይ ዐስርን ሰገዱ፤ ያሰገደው ጡሃ ነው።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ሰዒድ አላስቻለውም። «ሐጂ፣ ዝም ቢሉስ ምን ነበረበት? አላህ ሸፍኖልዎት ነበር እኮ።»

ሐጂ እንዲህ አሉ፦ «ጥፋቴን አላህ ቢሸፍንልኝ እዝነቱ ነው። እኔ ከራማ አልብሼው ብወጣ ግን የአላህን ምስጋና መስረቅ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ የወሰደ ሰው አልጠፋም፤ እውነት መናገር ገበያ ያደምቃል ብዬ አልዋሻችሁም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ውሸት ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የማይገባንን ምስጋና ፈገግ ብሎ መቀበልን ግን ማን ከወንጀል ይቆጥረዋል? ይህን ታሪክ በመስጊድ መድረክ፣ ሚንበር ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ስወርድ ሰዎች «የአላህ ሰው» እያሉ እጄን ይስሙኛል። እኔም እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፣ እጄንም እሰጣቸዋለሁ።