ያደገደገው ገመሬ

አለቃ ያላችሁም፣ አለቃ የሆናችሁም ይቅር በሉኝ። ይህን ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አንዴ ሰማሁትና ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

በዱሮ ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ እንስሳት በደቦ ማሽላ ይኮተኩቱ ነበር። አለቃቸው አያ ገመሬ ነው፤ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ ዝንጀሮ። ከሠራተኞቹ አንዷ ወይዘሮ ጃርት፣ ከምሳ ድርሻዋ ንፍሮ ግማሹን በልታ ግማሹን ለሦስት ልጆቿ ትቋጥራለች።

አንድ ቀን አያ ገመሬ ነጠላውን አደግድጎ መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ አለቃ የለም። ጌቶቹ እናንተ፣ አገልጋያችሁ እኔ።»

እንስሳው ሁሉ እልል አለ። ወይዘሮ ጃርትማ አልቅሳለች ይባላል።

ምሳ ሲደርስ እጃቸውን አስታጠበ። ከዚያ፣ የአሳላፊ ወግ ነውና፣ ጌቶቹን ክፉ ነገር እንዳያገኛቸው ከየቅላቸው ቀመሰላቸው። ከአህያ አንድ እፍኝ፣ ከከርከሮ አንድ እፍኝ፣ ከጃርት ሁለት።

«አያ ገመሬ፣ የኔን ሁለቴ ቀመስከው።»

«ላንቺ ስለምሳሳ ነው እመቤቴ። አገልጋይሽ ነኝ።»

የልጆቿ ቋጠሮ ባዶ ቀረ። በማግስቱም ቀመሰ። በሠልስቱም ቀመሰ። መኮትኮቱንማ ትቶታል፤ የቀማሽ እጅ አፈር አይነካም።

«አለቃ ሳለ እንኳ እናማው ነበር» አለ አህያ። «አገልጋይ ሆነና ሐሜታችንንም ወሰደብን። ማን አሽከሩን ያማል?»

ጃርት መኮትኮቻዋን አቆመች። «አሽከር አይታማም። ይታዘዛል እንጂ።»

በማግስቱ ምሳ ላይ ገመሬ እጁን ወደ ጃርት ቅል ሲሰድ፣ እሷ እግሯን ዘርግታ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር።

«አያ ገመሬ።»

«አቤት እመቤቴ።»

«እስቲ ያችን ትልም ኮትኩትልኝ።»

ገመሬ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ያዩታል። ነጠላው ደግሞ ወገቡ ላይ ነው። ሄደ።

«አያ ገመሬ፣ የኔንም» አለ አህያ።

«የኔንም፤ ስትመለስ ጀርባዬን ታክክልኛለህ» አለ ከርከሮ።

«አገልጋያችሁ ነኝ» ይላል ገመሬ፣ ድምፁ እያነሰ።

እነሱ ጠግበው በሉ። ጃርትም የልጆቿን ሙሉ ቋጠሮ አሰረች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገመሬ አፈር ለብሶ ሲመለስ፣ የተረፈውን ንፍሮ አቀረበችለትና ቀድማ ሁለት እፍኝ ዘግና ቀመሰችለት።

«ምነው እመቤቴ?»

«ክፉ ነገር እንዳያገኝህ ነው። ስለምሳሳልህ።»

አደግድጎ ያየኸውን፣ ሳታዘው አትመነው።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት። በተለይ ነጠላ ላለው አለቃ።