አንለይ ያላነሳው ዘንግ

ነገር ሁሉ የተጣመመው ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ነው። ዓመቱን የጻፈው የለም። መጻፍ የሚችሉት ሰዎች ያ ቀን እንዲጻፍ አልፈለጉም። ቀኑን ግን ሰንበሌጥ ሜዳ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ጆሮ ስጡ።

ሰው በገዛ ስሙ ሳይሆን በፈረሱ ስም በሚከበርበት በዚያ በሩቁ ዘመን፣ በሰንበሌጥ ሜዳ አንለይ የሚባል ሰው ነበር። ፈረስ አልነበረውም። በልጅነቱ በቅሎ ጉልበቱን ረግጣው ስለነበር አንድ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ሥራው በጉግስ ቀን ዘንግ መልቀም ነበር። ፈረሰኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። ዘንጉ ይወድቃል። የወደቀውን አንለይ ያነሳል። ሰው ሁሉ ፈረሱን ሲያይ አንለይ መሬቱን ያያል። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ዓመት መሬት አየ።

ባላምባራስ ደርሶ የሚባሉ ጌታ ነበሩ። ዘንጋቸው ሁልጊዜ እያጠረ ይወድቅባቸዋል። ክንዳቸውን በቅቤ አሳሹ፣ አልሆነም። ጠበል ተጠመቁ፣ አልሆነም። ሦስት ፈረስ ለወጡ፣ አልሆነም። አንድ ቀን አንለይ ዘንጉን ሲያቀብላቸው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣

«ጌታዬ፣ ክንድዎስ ደህና ነው። እርካብዎ ረዝሟል። ሲወረውሩ ከኮርቻው መነሳት አልቻሉም» አላቸው።

«አንተ ደግሞ! የገዛ እግርህን ሳታስተካክል የኔን እርካብ ታስተካክላለህ?»

አጃቢው ሁሉ ሳቀ። አንለይም፣ «እኔ አላልሁም ጌታዬ፣ ዘንጉ ነው ያለው» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ባላምባራስ ዘወር ብለው እርካቡን ሁለት ጣት አሳጠሩት። በማግሥቱ ዘንጋቸው የባላጋራቸውን ጋሻ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው። እልል ተባለ፣ ጠጅ ተጠጣ። አንለይን የጠራው ሰው የለም። የጥበብ ዕጣዋ ድሮም እንዲሁ ነው። እሷ አዳራሽ ትገባለች፣ ባለቤቷ ውጭ ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር የሽባባው ነው። ሽባባው ከአባቱ የወረሰው አንዲት ቁራሽ ማሳና አንድ ዳማ ፈረስ ብቻ ነበር። ዳማው ዘንግ ሲወረወርበት ሁልጊዜ ወደ ግራ ያፈነግጣል። ሰዉ «ፈሪ ፈረስ ነው፣ ጨው ጫንበት» እያለ ይሳለቃል። ሽባባው ሊሸጠው ወደ ገበያ ሲወስደው አንለይ መንገድ ላይ ቆመበት።

«ፈረሱ አልፈራም። የፈራኸው አንተ ነህ። ጋሻህን ስታነሳ በዚያው እጅህ ልጓሙን ትጎትታለህ። ፈረሱማ ያዘዝከውን ነው የሚያደርገው።»

«ማን አለ?»

«እኔ አላልሁም፣ ዘንጉ ነው ያለው። አንተ በምትጋልብበት ዕለት ሁሉም ዘንግ በስተቀኝህ ይወድቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በታጨደው ማሳ ላይ ይገናኙ ጀመር። ሽባባው ይጋልባል፣ አንለይ ከኋላው ጓል ይወረውርበታል። ልጓሙን ሳትነካ ጋሻህን አንሳ ይለዋል። እንደገና ይለዋል። እንደገና። አንድ ጊዜ ጓሉ ማጅራቱን አገኘውና ሽባባው ጮኸ።

«አያ አንለይ፣ ገደልከኝ እኮ!»

«የኔ ጓል አይገድልም። የሚገድለውን ጥር ላይ ታገኘዋለህ።»

በጥር ሽባባው ሰባት ፈረሰኞች ገጠመ። ሰባቱም ዘንጋቸውን ጨረሱ፣ አንዱም አላገኘው። ዳማው እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ያቺ ቀን ናት።

በዚያው ዓመት የፈረሰኛው አለቃ ሞቶ ነበር። የቃና ዕለት ያሸነፈ አለቃ ይሆናል ተባለ። ለመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ሽባባውና የአገሩ ገዥ የፊታውራሪ እንግዳሸት ልጅ ይርዳው። ከድሀ ቤት አለቃ ወጥቶ አያውቅም። አንለይ ያን ቀን የሚወድቀውን ዘንግ ማየት ፈርቶ ነበር ይባላል።

የሜዳው ወሰን በምሥራቅ በኩል ያለ ትልቅ ዋርካ ነው። ሸሺ ግንዱን ካለፈ በኋላ መወርወር ነውር ነው፤ ሸሺውም ጋሻውን ያወርዳል። ሦስቱ ዳኞች ከዋርካው ወዲያ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው በሚያርፍበት ተቀምጠዋል። ዋናው ዳኛ አዛዥ ወልደየስ ነበሩ፣ መጽሐፍ የሚያውቁ ሰው።

ይርዳው አባረረ። አንድ ወረወረ፣ ሽባባው መከተ። ሁለተኛ ወረወረ፣ መከተ። ሦስተኛም መከተ። ዳማው ግንዱን አለፈ። ሽባባው ጋሻውን አወረደና ለዳኞቹ ፈገግ ብሎ ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ። አራተኛው ዘንግ ያኔ መጣ። ዓይኑን አገኘው። ሽባባው ወደቀ፣ ዘንጉም ከዳኞቹ እግር ሥር ተንከባለለ።

አዛዥ ወልደየስ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡትን የፊታውራሪን ፊት አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ወሰኑ ዋርካው ነው። ዋርካ ማለት ግንዱ ብቻ አይደለም፣ ጥላውም ዋርካ ነው። ዘንጉ ከጥላው አልወጣም። ይርዳው አሸንፏል» ሲሉ ፈረዱ።

አንለይ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሦስቱን ዘንጎች ከሜዳው አንስቶ ታቅፏል። አራተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንሳው እንጂ» አሉት አዛዥ።

«እኔ የማነሳው ሜዳው ውስጥ የወደቀውን ነው፣ ጌታዬ። ይህ ከሜዳው ውጭ ነው።»

«ፈረስ ላይ ወጥተህ የማታውቅ ሰው ልታስተምረን ነው?»

«እኔ አላልሁም፣ ዘንጉ ነው ያለው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጥላው ማለዳ ወዲያ፣ በሜዳው በኩል ነው። ቀትር ላይ ከግንዱ ሥር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዙን ይሻገራል። ያን ጊዜ ወሰናችን የት ነው?»

ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት፣ «ያን ጊዜማ ጎረቤት አገርም የኛ ነው!» ብላ ሳቀች። የፊታውራሪ አሽከሮች ዞር ሲሉ ሳቁ ሞተ። አዛዥ ዓይናቸውን ወደ ድንኳኑ መለሱ። አንለይ ሦስቱን ዘንጎች መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ይህን አራተኛውን የጣለው ፍርድ ነው። የፈረደ ያንሳው» ብሎ ሽባባውን ደግፎ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ አንለይ ዘንግ አልለቀመም፤ አራተኛውንም ያነሳው ሰው የለም፣ እዚያው ቀረ። በየዓመቱ ግን በቃና ዕለት ይመጣል። ከዘንጉ አጠገብ ይቆማል። «ግንዱ ነው ወይስ ጥላው?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። መልስ ሲያጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ዓመት ትንሹ ዳኛ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ አፉን ከፈተ፣ ወደ ፊታውራሪ ድንኳን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። አዛዥ ወልደየስ ሞቱ። ሁለተኛውም ሞተ። ትንሹም ሞተ። አንለይ እየጠየቀ አረጀ፣ እየጠየቀ ሞተ። አንድ ዓይናው ሽባባው የአንለይን ሬሳ በቃሬዛ አስይዞ በፈረሱ ኋላ አስከትሎ በዋርካው ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዞረው።

ዘንጉን ምስጥ በላው። ሰዉ በቦታው ሌላ አኖረ። እስከ ዛሬ በሰንበሌጥ ሜዳ ዘንግ ለቃሚው ሁሉንም አንስቶ አንዱን ከዋርካው ወዲያ ይተወዋል። ዳኞችም ከመቀመጣቸው በፊት መዳፋቸውን በዋርካው ላይ አድርገው «ግንዱ ነው» ብለው ይምላሉ። ዓይን እያየ የተጣመመ ፍርድ ሲሰማ የዚያ አገር ሰው «የአንለይን ዘንግ አንሳ» ይላል።

መልካም ልማድ ነው። ግን የፈረሰኛ አለቆች ስም ሲቆጠር ዛሬም ይርዳው ይጠራል፣ ሽባባው አይጠራም። እናንተ የዛሬ ዳኞች፣ ለሚመጣው ሁሉ ግንዱ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ስላለፈው ስትጠየቁ ዳኞቹ ሞተዋል ትላላችሁ። ወንበሩ አልሞተም፣ ተቀምጣችሁበታል። እንግዲያው ተነሱና ተናገሩ። ያን ዕለት፣ ያ ሰው ጋሻውን ሲያወርድ፣ ወሰኑ ግንዱ ነበር ወይስ ጥላው? አንለይ ቆሞ ይጠብቃል። መልሱለት።