የአስካለ ጽሕፈት ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ የጽሕፈት መኪና ጡረታ ወጥቶ ኮምፒውተር ቦታውን በወረሰበት ዘመን፣ በደብረ ብርሃን ከተማ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ባለቤት ነበሩ። ልጆቻቸው ሦስት፣ ቤቱ አንድ፣ የቤቱም ቁልፍ አንድ ነበር። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነውና ቁጥሩን ያዙልኝ።

የወይዘሮ አስካለ ኮምፒውተሮች ሁሉም ያገለገሉ ነበሩ። ቫይረስ ሲበላቸው፣ ሲንቀራፈፉ፣ ደንበኛ ጥሎ ሲሄድ ከርመው፣ ልጆቹ መከሩና ሊኑክስ ጫኑባቸው። ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ፣ አሮጌ ማሽን ላይ የማይከብድ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ማሽኖቹ እንደገና ሲነሡ ሠፈሩ ተገርሞ ሊያይ መጣ።

ትልቋ ሰብለ ዜና አዳኝ ነበረች። ጠዋት ዳቦ ከመቁረሷ በፊት ስልኳን ከፍታ የትኛው ሥሪት እንደ ወጣ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደ ተሻሻለ፣ የትኛው እንከን እንደ ተገኘበት ታነባለች። ሰኞ ሰኞ ደግሞ «አዲስ ወጥቷል፣ አድሱ» ትላለች። ወንድሞቿ «ሬዲዮ» ብለው ይጠሯታል።

መካከለኛው ወንድይፍራው ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ይወዳል። ሌላው በማውስ ሲዞር የሚውልበትን ሥራ እሱ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ከቁልፎቹ ጋር ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ያንጠለጥላል፤ ኮምፒውተር እምቢ ሲል ከዚያ ፍላሽ ይነሣል። «ይቺ ለክፉ ቀን ናት» ይላል።

ትንሹ ናሁሰናይ መልክ አሳማሪ ነው። ደንበኞች እንዳይደናገሩ መስኮቱን፣ ቁልፉን፣ ቀለሙን ሁሉ የለመዱት አስመስሎ አበጀው። እናቱ እጃቸውን የፈቱት በድሮው የአማርኛ ፎንት ነበርና፣ ኪቦርዱን ጣታቸው በሚያውቀው መንገድ አደላደለላቸው። በዚያ ፎንት የተጻፉ አሮጌ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የባዕድ ፊደልና የቅንፍ ክምር ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ፎንቱን አፈላልጎ በእናቱ ማሽን ላይ ጫነው። በዚያም አልበቃውም፤ አሮጌውን ጽሑፍ ማንኛውም ማሽን ወደሚያነበው አዲሱ ፊደል የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ሲሠራ ከረመ። ወንድይፍራው «ቀለም ቀቢው፣ ሥራ የለህም?» እያለ ይስቅበት ነበር።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ። መምህር ደምሰው የሚባሉ የንብ እርባታ አዋቂ ነበሩ። ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየፈዘዘ ስለ ሄደ፣ የንብ መጽሐፋቸውን በቃል እየነገሩ ወይዘሮ አስካለ ይጽፉላቸው ነበር። ሥራው የተጀመረው ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት ነው። በዚያ ሰኞ መጽሐፉ አለቀ። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት በማግስቱ ጠዋት ካልደረሰው ተራውን ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ሊሰጥ ነው።

«አስካለ፣» አሉ መምህሩ፣ «ታትሞ ልየው ብዬ ነው የቸኮልኩት። ሌላ ተራ እስኪመጣ ይህ ዓይን አይጠብቀኝም።»

«ዛሬ በሚኒባስ ይዘውት ይሄዳሉ።»

ይህን ባሉበት ቅጽበት የወይዘሮ አስካለ ማሽን ጠቆረ። ለካ ጠዋት ሰብለ እንደ ልማዷ «አድሱ» ብላለች፤ ወንድይፍራውም ለጊዜው የእናቱን ማሽን ብቻ አድሷል። አሁን ቢያጠፉት ቢያበሩት ያው ጥቁር። መጽሐፉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ወይዘሮ አስካለ የደንበኛን ሰነድ ሁሉ በሁለት ቦታ ያስቀምጣሉ፤ ይህን ግን በየቀኑ ስለሚነኩት «ሲያልቅ» እያሉ አቆይተውት ነበር።

ከጎን ያለው ጠጋኝ ሙሉዓለም ተጠራ። ሙሉዓለም ለማንኛውም የኮምፒውተር በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነበር፦ ፎርማት። ሠፈሩም «ሙሌ ፎርማት» ይለዋል።

«እትዬ አስካለ፣ ማሽኑን አድንልዎታለሁ፤ ውስጡ ያለውን ግን ይርሱት» አለና ዲስኩን ሊያጸዳ ሲዲውን አስገባ።

መምህር ደምሰው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለ ያን ሲያዩ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«እኔ በመስቀል ከሥራ ላርፍ አስቤ ነበር። ይህን መጽሐፍ ለደምሰው የመለሰ ልጄ ቤቱን ይረከባል። መምህር፣ ምስክር ይሁኑ።»

«እንካፈለዋለን እማዬ» አለ ናሁሰናይ።

«ሦስት እጅ የያዘው ቁልፍ በር አይከፍትም።»

ሰብለ ይህን ሁሉ ስልኳ ላይ አጎንብሳ ነበር የምትሰማው። ድንገት ሮጣ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው።

«አብደሻል?» አለ ሙሉዓለም።

«ዜናው አሁን ወጣ። የዛሬው አፕዴት የእኛን የመሳሰሉ አሮጌ ማሽኖችን ስክሪን ያጠቁራል። ዲስኩ ግን ደኅና ነው። አትንካው ሙሌ።»

«አንድ ቁልፍ መጫን ነበር የቀረኝ» አለ ሙሉዓለም።

ዲስኩ ደኅና ነው፤ ግን ማን ይክፈተው? ወንድይፍራው ፍላሹን ከቁልፎቹ መሐል ፈትቶ ሰካ። ከሰዓቱን ሙሉ ከማሽኑ ጋር ታገለ። አንዴ መብራት ሄደበት፣ እንደገና ጀመረ። አንዴ ማሽኑ ፍላሹን አላውቅም አለው፣ ሸሚዙን አውልቆ ክዳኑን ፈታ፣ ገመድ ቀየረ። ሻይ ቢያመጡለት አልቀመሰም። በመጨረሻ ከፍላሹ አስነሥቶ ዲስኩን ከፈተና መጽሐፉን አወጣው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ደንበኛ ሁሉ አጨበጨበ፤ መምህሩም ተነሡ።

መጽሐፉን በሌላ ማሽን ሲከፍቱት ግን ጭብጨባው ቆመ። ከመካከሉ ወዲህ ያለው፣ በአዲሱ ፊደል የተጻፈው፣ ይነበባል። ከዚያ በፊት ያለው ግማሽ ግን ቅንፍ፣ ነጥብ፣ የባዕድ ፊደል ነው። አሮጌው ፎንት ያለው በጠቆረው ማሽን ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቢያወጡትም ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው አዲሱን ፊደል ብቻ ነው።

«ንቦቼ ምን ሆኑ?» አሉ መምህር ደምሰው፣ ፊታቸውን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው።

ናሁሰናይ የራሱን ላፕቶፕ ከጀርባ ቦርሳው አወጣና ሲሳቅበት የከረመውን ፕሮግራም አስነሣ። አንድ ጊዜ ጫነ። የቅንፉ ክምር ከላይ ወደ ታች ፊደል እየሆነ ወረደ፤ የመጀመሪያው መስመርም «ንብ ጌታዋን በጠረኑ ታውቃለች» የሚል ሆነ። ወይዘሮ አስካለ ጮክ ብለው አነበቡት። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

የመጨረሻው ሚኒባስ ረዳት «አዲስ አበባ፣ አንድ ሰው» ሲጣራ መጽሐፉ በፍላሽ ተገልብጦ በመምህሩ ኪስ ነበር።

ሊሸኟቸው በሄዱበት መናኸሪያ ክርክሩ ተጀመረ።

«እኔ ሶኬቱን ባልነቅል የምታወጣውም የምታነበውም አልነበረም» አለች ሰብለ።

«አድሱ ያለን ማን ሆነና?» አለ ወንድይፍራው። «ያቃጠለ ሰው ውኃ ስላመጣ ይሸለማል? ላቡ የኔ ነው።»

«ላብህን አየነው፤ የማይነበብ ነገር ይዘህ ወጣህ» አለ ናሁሰናይ።

«አንተ አንድ ጊዜ ጫንክ።»

«አንድ ጊዜ ለመጫን ክረምቱን ሙሉ ሠራሁ። ስትስቅ ነበር።»

ወይዘሮ አስካለ ወደ ሚኒባሱ መስኮት ጠጋ አሉ። «መምህር፣ ምስክሬ ነዎት። ይፍረዱልኝ።»

«አስካለ፣ እኔ ማር ስቆርጥ ይህን የሠራችው የትኛዋ ንብ ናት ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

«የቀፎው ባለቤት ግን አንድ ነው።»

መምህሩ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሚኒባሱ ተነሣ።

ቁልፉ በወይዘሮ አስካለ መዳፍ ላይ ነው፤ ሦስቱም ልጆች እያዩት ነው፤ ቃል የእናት ቃል ነውና አይታጠፍም። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ አንዷ ጥፋቱን ጀምራ ጥፋቱን አስቆመች፤ አንዱ በላቡ አወጣ፤ አንዱ ማንም ሳይጠይቀው አስቀድሞ አዘጋጀ። አንዳቸው ቢጎድል መጽሐፍ የለም። ቁልፉ ለማን ይገባል?